የእናቶች ስም በመዝገብ ይግባልን

በአትላንታ፣ በክላርክስተን፣ በዲኬተር፣ በስቶን ማውንቴንና በአካባቢው ለምትገኙ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም ለየምሥረታ በዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ይህን የምጽፍላችሁ ብዙዎቹ አጥቢያዎቻችን የምሥረታ በዓላቸውን በሚያሰናዱበት ዘመን ነው። አንዱ ሃያ አምስተኛ ዓመቴ ይላል፣ ሌላው ሠላሳኛዬ ይላል። በየአጥቢያው ያለው የሴቶች የበጎ አድራጎት አገልግሎት ዕድሜም ከዚህ አያንስም። አዳራሽ ከመከራየቱ፣ ካህን ከመምጣቱ በፊት በአንዲት እኅት ሳሎን የማርያምን ጽዋ እየጠጡ፣ ከዚያው ተነሥተው የታመመ ሲጠይቁ የኖሩ ሴቶች እንዳሉ እናንተም ታውቃላችሁ። ልመናዬ አጭር ነው። የእነዚህን ሴቶች አገልግሎት በዓል ስታከብሩ ከድግሱ በፊት ሥራቸውን በየስማቸው ጻፉት፤ ያሰባሰቡትን ገንዘብም በምን ላይ እንደሚያውሉት ራሳቸው ይወስኑ። ለምን ይህን እንደምለምን ግን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ የምንኖረው ከእኛ በፊት ይህንኑ ሥራ የሠሩ፣ ሠርተውም የጻፉ ክርስቲያን ሴቶች በኖሩባት ከተማ ነውና። ዓመታቱን በዚህ አገር አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።

በቅርብ ዓመታት ውስጥ በአንድ አጥቢያ የምሥረታ በዓል ላይ ተገኝቼ ነበር። የተነበበው ታሪክ መልካም ታሪክ ነበር። መሬቱ መቼ እንደተገዛ፣ የባንኩ ብድር ከየት እስከ የት ዓመት ተከፍሎ እንዳለቀ፣ ጉልላቱን ማን እንደሠራው፣ የትኛው ሊቀ ጳጳስ መጥተው እንደባረኩት በዝርዝር ተነገረ። እናቶች አንድ ዓረፍተ ነገር ደረሳቸው፤ «ለእናቶቻችን ምስጋና ይድረሳቸው» ተባለና ተጨበጨበ። በዚያች ሰዓት አብዛኞቹ እናቶች ቤዝመንት ውስጥ እንጀራ እየጠቀለሉ፣ ወጥ እያወጡ ስለነበሩ ጭብጨባውን አልሰሙትም። ያሳዘነኝ የምስጋናው ማጠር ብቻ አይደለም። የሴቶቹ አገልግሎት በየትኛው ዓመት እንደተጀመረ፣ የመጀመሪያዋ ገንዘብ ያዥ ማን እንደነበረች፣ ስንት አራስ እንደተጠየቀች፣ ስንት አስከሬን አገር ቤት እንደተሸኘ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ሕንፃው መዝገብ አለው፤ ሕንፃውን ሰው እንዲሞላው ያደረገው ሥራ ግን የለውም።

እስቲ ከራሳችን ከተማ እንነሣ። ከመርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም ብዙ ሳይርቅ ስፔልማን ኮሌጅ አለ። ዛሬ በመላው አሜሪካ የታወቀ የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ነው፤ ከልጆቻችንም በዚያ ለመማር የሚመኙ አሉ። ሚያዝያ ወር ላይ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1881 ሲከፈት ግን ኮሌጅ የሚያሰኘው ነገር አልነበረውም። ሶፊያ ፓካርድና ሃሪየት ጋይልስ የሚባሉ ከኒው ኢንግላንድ የመጡ ሁለት መምህራት በፍሬንድሺፕ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ውስጥ 11 ተማሪዎችን ይዘው ጀመሩ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ከባርነት የወጡ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ዓይን ለማንበብ የጓጉ ሴቶች ነበሩ። መነሻ ገንዘቡ 100 ዶላር ነበር፤ እሱንም የሰጠችው በማሳቹሴትስ በሜድፎርድ የምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከኋላቸው የቆመው ደግሞ የአሜሪካ ባፕቲስት ሴቶች የአገር ውስጥ ተልእኮ ማኅበር ነው። ቤዝመንቱ ጨለማና እርጥብ ነበር፤ ተማሪው ሲበዛ የከሰል ማስቀመጫው ጭምር መማሪያ ክፍል ሆነ። ቦታውን የፈቀዱላቸው የቤተ ክርስቲያኒቱ መጋቢ ፍራንክ ኳርልስ ለዚሁ ትምህርት ቤት ገንዘብ ለመለመን ወደ ሰሜን ተጉዘው ሳይመለሱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐረፉ። አባቶች ሆይ፣ የኳርልስን ስም ያነሣሁት ለእናንተ ብዬ ነው። ቁልፉን ሰጥተው ዝም አላሉም፤ የሴቶቹን ሥራ እንደ ራሳቸው ሥራ ተሸክመው ወጡለት።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሦስተኛ ዓመታቸውን ያከበሩበት መንገድ ነው። ከቤዝመንቱ ወጥተው የሰሜኑ ጦር ሰፍሮበት ወደነበረ መሬትና ቤት በ1883 ሲዛወሩ ዕዳ ተሸክመው ነበር። የነዳጁ ከበርቴ ጆን ሮክፌለር ስለ ሥራቸው በ1882 ክሊቭላንድ ውስጥ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ራሳቸው ቆመው ሲናገሩ ሰምቷል። በኤፕሪል 1884 የምሥረታቸውን በዓል ሲያከብሩ ባለቤቱን ላውራ ስፔልማንን፣ እኅቷንና እናቷን ይዞ መጣ። በዚያ በዓል ሰሞን የመሬቱ ዕዳ ተከፈለ፤ ትምህርት ቤቱም ባርነትን ሲቃወም በኖረው በባለቤቱ ቤተሰብ ስም ስፔልማን ተባለ። በዓመቱ፣ በ1885፣ ስፔልማን ሜሴንጀር የሚባል የራሳቸውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣችው ኖራ ጎርደን በ1889 ለወንጌል አገልግሎት ኮንጎ ድረስ ሄዳለች። ይህን ሁሉ ዛሬ በቀኑና በስሙ መተረክ የምችለው ሴቶቹ ስለጻፉት ነው። ፍሬንድሺፕ ቤተ ክርስቲያን የነበረችበት ሕንፃ በ2014 ለስታዲየሙ ሲባል ፈርሷል፤ ምእመናኑም ሌላ ሠርተው ተዛውረዋል። ኤፕሪል 11 ቀን 2026 145 ዓመት የሚሞላው ያ የቤዝመንት ጅምር ግን ከሕንፃው ጋር አልፈረሰም።

ከከተማችን ሴቶች ሌላዋ ኬሪ ስቲል ሎጋን ናት። በባርነት የተወለደች፣ ራሷም ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች፣ በአትላንታ የባቡር ጣቢያ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ነበረች። ጣቢያው ውስጥ ተጥለው የሚቀሩ ሕፃናትን ቀን በባዶ ፉርጎ ውስጥ እያቆየች ማታ ወደ ቤቷ ትወስዳቸው ጀመር። ቤቷ ሲጠብባት የሕይወት ታሪኳን በትንሽ መጽሐፍ ጽፋ ሸጠች፤ ቤቷንም ሸጠች፤ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረች ለምና በ1888 የሙት ልጆች ቤት አቋቋመች። ያ ቤት ኬሪ ስቲል ፒትስ ሆም በሚል ስም ዛሬም በዚችው ከተማ ልጆች ያሳድጋል፤ በ2028 140 ዓመት ይሆነዋል። ታሪኳን ባነበብኩ ቁጥር አበበች ጎበና ትዝ ይሉኛል። በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሄደው በረሃብ ከወደቁት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት፣ ከቤተሰባቸው ተለይተው በጎጆ ውስጥ ልጅ ያሳደጉት፣ በ2021 በኮቪድ እስኪያርፉ ድረስ ሥራውን ያልተዉት እናታችን። አንዷ ከጆርጂያ፣ አንዷ ከሸዋ፤ መካከላቸው መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሁለቱም ልጆቹን ከወሰዱ በኋላ ነው ማኅበር ያቋቋሙት።

ሰፊውን ቦታ ልሰጠው የምፈልገው ግን ለሦስተኛው ታሪክ ነው፤ ለእኛ ኑሮ ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነውና።

ሉጂኒያ በርንስ ሆፕ ሴንት ሉዊስ ተወልዳ ቺካጎ ያደገች ሴት ናት። ባለቤቷ ጆን ሆፕ ዛሬ ሞርሃውስ በሚባለው ኮሌጅ ሊያስተምር ሲመጣ አብራው ወደ አትላንታ መጣች። ባሏ ኋላ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እሷ ግን ዓይኗ ያረፈው ከኮሌጁ አጥር ውጭ ባለው ሰፈር ላይ ነበር። እናቶቹ ንጋት ላይ ወጥተው በነጮች ቤት ልብስ ሲያጥቡና ምግብ ሲያበስሉ ይውላሉ፤ ልጆቹ በር ተቆልፎባቸው ወይም መንገድ ላይ ይውላሉ። በ1906 መስከረም ላይ ነጮች በጥቁሮች ላይ ያስነሡት ሁከት ሰዎችን ገድሎ፣ ሰፈሩን በፍርሃት ሞልቶት ነበር። በዚያ መካከል አንድ ነገር ሆነ። አንዲት ወጣት ሴት ከባሏና ከአባቷ ጋር ወደ ሰፈሩ ገብታ ነበር። ወንዶቹ ለሥራ ይርቃሉ፤ እሷ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ከዚያ መታየቷን ተወች። ጎረቤቶቿ ታማ መተኛቷን ያወቁት ሊረዷት ከማይችሉበት ደረጃ ከደረሰች በኋላ ነው፤ ሞተች።

ብዙ ሰው በዚህ ያዝናል፣ ይቀብራል፣ ይረሳል። ሉጂኒያ ጎረቤቶቿን ቤቷ ጠራችና ጁላይ 8 ቀን 1908 ኔበርሁድ ዩኒየን ያሉትን የጎረቤታሞች ማኅበር መሠረቱ። መሪ ቃላቸውን ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ከሚለው ትእዛዝ ወሰዱ። አሠራራቸው ቀላል ነበር። ሰፈሩን ከፋፈሉት፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንዲት ኃላፊ ሾሙ፤ ኃላፊዋ በክፍሏ ያለውን እያንዳንዱን በር አንኳክታ የሚኖረው ማን እንደሆነ፣ ዕድሜዋ ከ8 እስከ 22 ዓመት የሆነች ሴት ልጅ በቤቱ ካለች፣ የታመመ ወይም የተቸገረ ሰው ካለ ጠይቃ ትመዘግባለች። ከዚያ ይሰበሰባሉ፣ ያዩትን ይነጋገራሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ከምዝገባው ክሊኒክ ወጣ፤ የልብስ ስፌት፣ የሕፃናት አያያዝና የምግብ ትምህርት ወጣ፤ ለመጫወቻ ቦታ፣ ለመንገድ መብራት፣ ለንጹሕ ውኃና ለፍሳሽ መውረጃ ለከተማው ምክር ቤት የቀረበ አቤቱታ ወጣ። የሳንባ ነቀርሳ ሰፈሩን ሲፈጅ ቤት ለቤት እየዞሩ አስተማሩ። ቆይተው መላ ከተማዋን በዞንና በቀበሌ ከፋፈሏት።

በ1913 አካባቢ ደግሞ የጥቁር ልጆችን ትምህርት ቤቶች እየዞሩ መረመሩ። አንዲት መምህርት ጠዋት አንድ ክፍል፣ ከሰዓት ሌላ ክፍል ተማሪ የምትቀበልበት፣ አየርና ብርሃን የሌለው፣ መፀዳጃው የሚያሳፍር ቤት አገኙ። ያገኙትን ጽፈው ለትምህርት ቦርዱ፣ ለከንቲባው፣ ለቀሳውስቱና ለጋዜጣው ወሰዱት። ወዲያው የተገኘው ጥቂት ነበር። ነገር ግን ማስረጃው በእጃቸው ስለነበረ ጥያቄው አልሞተም። ጥቁር መራጮች በድምፃቸው ከተማውን ካስገደዱ በኋላ በ1924 ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በአትላንታ ለጥቁሮች የመጀመሪያው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግም ተምሮበታል። የአትላንታ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በ1920 ሲመሠረትም ይህ የሴቶች ልምድ ከኋላው ነበር። የማኅበሩ ቃለ ጉባኤና ወረቀት ዛሬ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ሴንተር ዉድረፍ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ይገኛል። ማኅበሩ ከተመሠረተ በ2028 120 ዓመት ይሆነዋል።

አሁን ወደ ክላርክስተን እንመለስ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስደተኛ ስትቀበል የኖረች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከእኛ ብዙዎቹ የመጀመሪያ አልጋቸውን ያገኙት እዚያ ነው። በረንዳ ላይ ታይታ መታየቷን የተወች ሴት በእኛም መካከል አለች። ባሏ ሌሊት የሚነዳ፣ እሷ በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ብቻዋን የምትውል አራስ አለች። የልጅ ልጅ ለመጠበቅ መጥተው እንግሊዝኛ ሳይችሉ፣ መኪና ሳይነዱ፣ ዓመት ሙሉ ከአፓርታማ ግቢ ሳይወጡ የሚኖሩ እናቶች አሉ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ የሕክምና ዋስትናቸው የተቋረጠባቸው አሉ። ግሬዲ ሆስፒታል ተኝቶ ጠያቂ የሌለው አለ። እነዚህን የሚያገኟቸው እነማን ናቸው? የእኛው ሴቶች ናቸው። ገንፎ ይዘው የሚሄዱት፣ ከሐኪም ጋር የሚያስተረጉሙት፣ ለአዲስ መጤ ፍራሽና ድስት የሚያሰባስቡት፣ ለቅሶ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚያበስሉት፣ ለአስከሬን መሸኛ ከየቤቱ የሚያዋጡት እነሱ ናቸው። ይህን የሚሠሩት ደግሞ በስልክና በትዝታ ነው። አንዷ ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወር ወይም ስትታመም እሷ ብቻ የምታውቃቸው ሰዎች አብረዋት ይጠፋሉ።

ስለዚህ የሉጂኒያን አሠራር እንውሰደው። ኢትዮጵያውያን በብዛት ለሚኖሩበት ለእያንዳንዱ አፓርታማ ግቢ አንዲት ወይም ሁለት እኅቶች ይመደቡ። በወር አንድ ጊዜ በር ያንኳኩ። የየትኛው አጥቢያ ምእመን እንደሆኑ፣ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አይጠይቁ፤ ጎረቤቱ ኤርትራዊ፣ ኮንጎአዊ፣ በርማዊ ወይም አፍጋናዊ ቢሆንም ያንኳኩ። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ጴንጤው ተዋሕደው ባይቀድሱም አንዲት አራስ ለመጠየቅ ተራ መያዝ አያቅታቸውም። በአገራችን ሁኔታ ምክንያት ጉባኤዎቻችን በተከፋፈሉባቸው ዓመታት ለቅሶ ቤት ድስቱን አብረው የያዙት ሴቶቹ እንደነበሩ አይቻለሁ፤ ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ስለ መጻፍ ስናገር የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከራሳቸው ከእናቶች አፍ ሰምቼዋለሁ። «ልጄ፣ የጽድቅ ሥራ ተጽፎ ዋጋው ምኑ ላይ ነው? ውዳሴ ከንቱ ይሆንብናል» ይላሉ። ይህን ቃል አከብረዋለሁ። የሚሰጥ እጅ እንዲሰወር ጌታ ራሱ አዝዟል። ስለዚህ የተረዳው ሰው ስም ፈጽሞ አይጻፍ፤ ማን ስንት ብር እንደሰጠም አይለጠፍ። አገልግሎቱ ግን የአንዲት ሴት ምጽዋት ብቻ አይደለም፤ የጉባኤው አደራ ነው። በሐዋርያት ሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ጣቢታ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶቹ ምን አደረጉ? እያለቀሱ ጴጥሮስን ከበው የሰፋችላቸውን ልብስ አሳዩት። ሥራዋን አንድ በአንድ አውጥተው ለምስክርነት አቀረቡት፤ ይህም ከነስሟ በቅዱስ መጽሐፍ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ትሕትናን የሚያስተምረን መጽሐፍ የጣቢታን ሥራ ከመጻፍ አልተከለከለም።

ካልተጻፈ ምን እንደሚቀር የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። በ1935 ጣልያን ሊወርረን ሲሰናዳ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ከተቋቋመ 2025 ላይ 90 ዓመት ሞላው። ሴቶቹ ፋሻ አዘጋጁ፣ ለዘማች ልብስ ሰፉ፣ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል ጭንብል ሠሩ። ከመካከላቸው የነበሩት ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1939 ተመረቁ፤ ከድል በኋላ አገራቸው ገብተው በ1942 ነቀምት ላይ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸውም ሲልቪያ ፓንክረስት ዓመታት የደከሙለት ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የልዕልቲቱን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ ይገባቸዋል። አብረዋቸው ጨርቅ ሲቀዱ፣ ፋሻ ሲጠቀልሉ የዋሉትን ሴቶች ስም ግን ስንቶቻችን እንጠራለን? በዚያው ዘመን በኒውዮርክ ሐርለም ጥቁር አሜሪካውያት ነርሶች ለኢትዮጵያ ገንዘብ አሰባስበው የ75 አልጋ የመስክ ሆስፒታል ዕቃ ልከውልናል። ከእነሱ የሳላሪያ ኪ ስም ደርሶናል፤ እሱም ሰው ጠይቆ ስለጻፈው ነው። እኛን ሳያውቁ ለእኛ ያዋጡ ሴቶች ስም እንዲህ በጥቂቱ ብቻ መድረሱ ይቆጨኛል። እናቶቻችን በዓይናችን ፊት እያሉ ያው እንዳይደገም ነው የምጮኸው።

የምንጽፈው ምን ይመስላል? ካወቅሁት ልናገር። እያንዳንዱ አጥቢያ የሴቶች አገልግሎቱን ከጀመሩት መካከል በሕይወት ያሉትን ይፈልግ። አንዳንዶቹ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዳንዶቹ መርሳት ጀምረዋል፤ ይህ ከዓመት ዓመት የሚተላለፍ ጉዳይ አይደለም። ድምፃቸው ይቀረጽ። መጀመሪያ የተሰበሰቡት በማን ቤት ነበር፣ ስንት ሆነው፣ የመጀመሪያው መዋጮ ስንት ነበር፣ መጀመሪያ የረዱት ችግር ምን ዓይነት ነበር፣ ያልተሳካላቸውስ ምን ነበር ተብለው ይጠየቁ። የድሮ ደብተር፣ ደረሰኝ፣ በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቀን፣ የዕቁብና የጽዋ ዝርዝር ሁሉ ይሰብሰብ። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን እንዲያነቡት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን፤ ከዚህ ሥራ የሚበዛውን እነዚያው ልጆች ቢሠሩት ከአያቶቻቸው ጋር ያቀራርባቸዋል። አንድ ቅጂ በአጥቢያው ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ የዚችን ከተማ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ለሚያኖረው ለኦበርን አቬኑ የምርምር ቤተ መጻሕፍት እንዲቀበሉን እንጠይቅ። የእኛ እናቶች ታሪክ ከሉጂኒያና ከኬሪ ስቲል ታሪክ ጋር በአንድ ከተማ የተሠራ ነውና በአንድ ከተማ ይቀመጥ።

ስለ ገንዘቡ ግልጽ ልሁን። በማውቃቸው አጥቢያዎች የሴቶች አገልግሎት በምግብ ሽያጭ፣ በቡና፣ በጨረታ ብዙ ገንዘብ ያስገባል። ገንዘቡ ወደ ዋናው ሂሳብ ይገባል። ከዚያ በኋላ አንዲት እኅት የቤት ኪራይ አጥታ ልትባረር ሦስት ቀን ሲቀራት፣ አገልጋዮቹ ከራሳቸው ቦርሳ ያዋጣሉ እንጂ ራሳቸው ካስገቡት ማውጣት አይችሉም፤ ቀጣዩ ስብሰባ ገና ነውና። ሕንፃ ማሠራት አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ እኔም በአቅሜ አዋጥቻለሁ። ነገር ግን ሴቶቹ ካሰባሰቡት የተወሰነው ክፍል በራሳቸው ሂሳብ ይቀመጥ፤ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊያቸውን ራሳቸው ይምረጡ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለኦዲት ኮሚቴና ለጉባኤው ሪፖርት ያቅርቡ። ከዚህም ጋር በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ድምፅ ያላቸው መቀመጫዎች ይኑሯቸው፤ መስተንግዶ ለማስተባበር ብቻ የሚጠሩበት ዘመን ይብቃ። ፓካርድና ጋይልስ የትምህርት ቤታቸውን ዕዳ ያውቁ ነበር፤ በከበርቴው ፊትም ቆመው ስለ ሥራቸው ራሳቸው ተናግረዋል።

በዓሉ ይከበር፤ ዳቦው ይቆረስ፤ እልልታው ይሰማ። እኔም እመጣለሁ። በዚያን ቀን ግን ምግቡን ሌሎች ያቅርቡት፤ ወንድሞችና ወጣቶች ቤዝመንት ይውረዱ፤ እናቶች በላይኛው አዳራሽ በፊተኛው ወንበር ይቀመጡ። ታሪኩ ሲነበብ ስማቸው በየተራ ይጠራ፤ ያረፉትም ስመ ክርስትናቸው ከነዓለማዊ ስማቸው ይታወስ። ስፔልማኖች በሦስተኛ ዓመታቸው የመሬታቸው ዕዳ እንደተከፈለላቸው፣ እኛም በዚያው ቀን በሚሰበሰበው ገንዘብ የወገኖቻችንን ዕዳ እንክፈልበት፤ ለምሳሌ በየሆስፒታሉ ሂሳብ ለተጠራቀመባቸው አረጋውያን፣ ወይም ቀብራቸው በብድር ለተፈጸመ ቤተሰቦች።

የምጠይቃችሁ ይህን ደብዳቤ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤያችሁ አጀንዳ ላይ እንድታስይዙልኝ ነው። መልሳችሁ አይሆንም ከሆነም ምክንያቱን በጉባኤው ፊት ንገሩን፤ እንወያይበታለን። ይሁን ካላችሁ ሥራውን ለመጀመር የሕንፃ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ደብተር፣ መቅረጫና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። የሦስቱንም ድርሻዬን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ መጠይቁንም ለማዘጋጀት፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥና ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ፈቃደኛ ነኝ። ከየአጥቢያው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች ብትመድቡልኝ በዕድሜ ከሁሉ ከገፉት እናቶች እንጀምራለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በአትላንታ ነዋሪ የሆነች የአጥቢያችሁ ልጅ